አንድ ክዳን ይጎድላል

ይሄ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። አንዲት ነገር ጨምሬ ብገኝ ምላሴ ተጎልጉሎ ይውጣ። የምትጠራጠሩ ካላችሁ ክዳኑ አለ፤ ቁጥሩም እንደተለጠፈበት ነው፤ ሄዳችሁ እዩት። ደግሞስ እኔ ከስምንተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ የተሰናበትኩ ሰው፣ ይሄን ሁሉ ከራሴ ላፍልቅ ብል ከየት አመጣዋለሁ?

በአንድ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አለች። ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ርክክብ ነው የሚላት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ቧንቧ፣ ቆጣሪ፣ ብሎንና የጎማ ጓንት ስታስገባና ስታስወጣ አንድ ፍሬ ዕቃ ጎድሎባት አያውቅም። አይጥ እንኳ እዚያ ግምጃ ቤት ገብታ ካርቶን ብትቆረጥም፣ የቆረጠመችው ተለክቶ ይጻፍባታል ይባላል። ይባላል አልኩ እንጂ እኔ ካርዱን በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፦ «ካርቶን፣ ሩብ፣ ወጪ፣ ለአይጥ።»

ስሙን ያወጣላት ሕጓ ነው። ማንም ሰው ለአንድ ቀን እንኳ ከሥራው ሲለይ፣ በእጁ ያለውን ዕቃ ሁሉ ያስቆጥራል፤ የሚረከበው ይፈርማል፤ ታዛቢ ይፈርማል፤ ፈቃድ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሕጉ ወረቀት ላይ ድሮም ነበረ። አንብቦ ያመነበት ሰው ግን ከእሷ በፊት አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት ሥራ አስኪያጁ እህቱን ሊድር ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሲወጣ፣ በር ላይ አቆመችው።

«ጌታዬ፣ ከቢሮዎ አንድ ወረቀት መብሻ ጎድሏል።»

ሰውየው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። መብሻው ተፈልጎ እስኪገኝ ሦስት ቀን ፈጀ፤ እህቱም ወንድሟን ሳታይ ተዳረች። በሠርጉ ፎቶ ላይ በእሱ ቦታ የቆመው የሙሽራው አጎት ነው፤ የተበደረው ከረባት የሥራ አስኪያጁ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን እትዬ ርክክብ አዲስ የመጣ የቧንቧ ካርቶን ትፈታለች። እያንዳንዱ ቧንቧ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሏል። እሷ እንደሆነች ጋዜጣውንም ትቆጥራለች። ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ዓይኗ አንድ ማስታወቂያ ላይ ተተከለ። ባሕር ማዶ የሴቶችን አቅም የሚያጎለብት አንድ ፕሮጀክት አለ። የሴቶቹ ማኅበር የስፌት መኪና፣ ክርና ጨርቅ በእርዳታ አግኝቷል፤ ዕቃው ግን እግር አውጥቶ እየሄደ ነው። ስለዚህ ለሦስት ወር ሄዳ ሴቶቹን የግምጃ ቤት አያያዝ የምታስተምር በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል።

አነበበችው። አጥፋ አስቀመጠችው። እንደገና ዘርግታ አነበበችው። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ወደ እሷ መስኮት የመጣ ሰው ሁሉ «ስጪኝ» ሲል የኖረው ብሎን ነው፣ ጓንት ነው። የምታውቂውን ስጪን ያላት ሰው አልነበረም። ጋዜጣውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ካርዱ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጋዜጣ፣ አንድ፣ ወጪ፣ ለራሴ።» ከዚያ ግምጃ ቤት ለራሷ ያወጣችው ዕቃ እሱ ብቻ ነው።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ መስመር ላይ ተመላልሷል። ጡረታ ሲወጣ ሰዓት እንስጥህ ቢሉት፣ የምቀመጥበትን ወንበር ንቀሉልኝ አላቸው። ነቅለው ሰጡት። ሳሎኑ መስኮት ሥር ወለሉ ላይ በብሎን አስሮት፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ቀበቶም ያስራል የሚሉ አሉ፤ ይሄን እኔ አላየሁም፤ ያላየሁትን አላወራም።

«ሦስት ወር?» አላት ጋዜጣውን ስታሳየው።

«ሦስት ወር።»

«ባሕር ማዶ?»

«ባሕር ማዶ።»

«ደስ ይላል» አለና ተነስቶ ፀጉር ቤት ሄደ።

ሹፌሩ መላጣ ነው። ፀጉር ቤት የሚሄደው ለወሬ ነው። የመጀመሪያ ቀን «ሚስቴን ባሕር ማዶ ያሉ ሴቶች ጠሯት» አለ። በሁለተኛው ቀን የጠራት የዚያ አገር መንግሥት ሆነ። በሦስተኛው ቀን የአገሩ ግምጃ ቤት በሙሉ ቁልፉ በትሪ ሆኖ እየጠበቃት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አቁሞ፣ «እና አንተ ሦስት ወር ምን ልትሆን ነው?» ቢለው፣ «እኔ? እኔ ምን እሆናለሁ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከሌላው ጊዜ ትንሽ ረዘመ። ከዚያ ወዲያ ወደኋላ መመለሻ አልነበረውም።

የሹፌሩ እናት አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው የሚሰማው የፈለጉትን ብቻ ነው። ይሄኛውን ሰሙት።

«ሂጂ ልጄ» አሉ። «እኔ በአንቺ ዕድሜ የሄድኩት እስከ ገበያ ነው። ከዚያም ስመለስ የት ቆየሽ ተብያለሁ።»

የዝግጅት ሥልጠናው ስድስት ቀን ነበር። የፕላስቲክ ወንበር የተደረደረበት አዳራሽ፤ የምታሠለጥነው አስተባባሪ ገና ልጅ እግር ናት፤ ስትናገር እጇ ከአፏ ይቀድማል። በአንደኛው ቀን ዓይናችሁን ጨፍኑና ራሳችሁን እንደ ወንዝ አስቡ አለቻቸው። ሌሎቹ ጨፍነው ፈሰሱ። እትዬ ርክክብ አንድ ዓይኗን ቦርሳዋ ላይ አድርጋ በሌላው ፈሰሰች።

በሁለተኛው ቀን አስተባባሪዋ ወረቀት አደለች። «ኃይል ለእናንተ ምንድን ነው? በአንድ ቃል ጻፉልኝ።» አንዷ «ድምፅ» አለች። አንዷ «ነፃነት» አለች። አንዷ «በራስ መተማመን» ብላ ሁለት ቃል መሆኑን ስታውቅ ተጨነቀች። እትዬ ርክክብ የጻፈችው «ቁልፍ» ነው።

«እትዬ፣ እስቲ ያብራሩልን?»

«ምኑን ላብራራው የኔ ልጅ? የስፌት መኪናው የሴቶቹ ነው ብላችኋል። የክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

አስተባባሪዋ ወረቀቷን ገለበጠች። «ጥበቃው ጋ ይመስለኛል።»

«ሁለተኛው ቁልፍስ?»

ሌላ ገጽ ገለበጠች። «የጥበቃው... ወንድም ጋ።»

«እንግዲህ» አለችና ተቀመጠች። አስተባባሪዋ ቆማ ብዙ ጻፈች። በሚቀጥለው ቀን ወንዙን ትታ ሁሉንም ስለ ቁልፍ አወያየቻቸው።

በስድስተኛው ቀን የመጨረሻ የቤት ሥራ ተሰጠ። «ቤታችሁን አዘጋጅታችሁ ኑ። እናንተ በሌላችሁበት ቤቱ እንዲቆም፣ ከቤተሰባችሁ ጋ በደንብ ተነጋገሩ።» ሌሎቹ ሄደው ተነጋገሩ። እትዬ ርክክብ ግን ንግግር ላይ እምነት የላትም፤ ንግግር ቁጥር የለውም። አንድ እሽግ ወረቀት ገዝታ ገባችና እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ቁጥር እየለጠፈች ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል መቁጠር ጀመረች።

አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። ሲያልቅ ዝርዝሩ አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተራ ቁጥር ሆነ፤ ሲጠረዝም ቁመቱ የበርጩማ ያህል ስለነበር አማቷ እግራቸውን ይሰቅሉበት ነበር። ከውስጡ ጥቂቱን ላንብብላችሁ።

«ተራ ቁጥር ስድሳ አንድ፤ የመታጠቢያ ቤት በር፣ አንድ፤ ሲዘጋ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ነው። ተራ ቁጥር አራት መቶ ሁለት፤ ድመት፣ አንዲት፤ አልበላሁም ብትል አትታመንም። ተራ ቁጥር ዘጠኝ መቶ አሥራ ስምንት፤ የእማማ የደም ግፊት ክኒን፤ ጠዋት አንድ፤ ወስጃለሁ ቢሉም ይቆጠር። ተራ ቁጥር ሁለት ሺህ ስድስት፤ የጋዝ ምድጃ፣ አንድ፤ መጀመሪያ ክብሪቱ፣ ከዚያ ጋዙ፤ የተገላቢጦሽ ከሆነ ተራ ቁጥር ሦስት ሺህ ላይ ያለውን ውሃ ያዝ።»

ይሄን ጨርሳ የፈቃድ መጠየቂያዋን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች። ቲኬቱ ለሐሙስ ተቆርጧል። ሰውየው ወረቀቱን አነበበ፤ እስክሪብቶውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«የቤትሽ ርክክብስ?»

«ምን አሉኝ ጌታዬ?»

«ሚስት ነሽ፣ ምራት ነሽ። እጅሽ ላይ ያለው ዕቃ ከእኔ ቢሮ ይበልጣል እንጂ አያንስም። የተፈረመ ርክክብ በዓይኔ ሳላይ ፈቃድ አልፈርምም። ታዛቢውም እኔው ነኝ።»

ፊቱ ላይ የፈገግታ ጥላ እንኳ የለም። አራት ዓመት የጠበቀ ሰው አይቸኩልም። እትዬ ርክክብ አየችው፣ አየችውና፣ «ትክክል ነው» አለች። እውነቱን ለመናገር ደስ ነበር ያላት። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ገባው።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አስሮ፣ የራሱን እስክሪብቶ ይዞ መጣ። አማቷ ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ተሰየሙ። እሷ ታነባለች፤ ሹፌሩ ይቆጥራል፤ ታዛቢው ምልክት ያደርጋል። ማንኪያ ተቆጠረ። አንሶላ ተቆጠረ። ድመቷ ሁለት ጊዜ ተቆጠረች፤ በአንዱ በር ወጥታ በሌላው ስለገባች። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ማዕድ ቤት ደረሱ።

«ድስት፣ አሥራ አራት።»

«አሥራ አራት» አለ ሹፌሩ።

«የድስት ክዳን፣ አሥራ አራት።»

ሹፌሩ ቆጠረ። መልሶ ቆጠረ። ከዚያ ጣራ ጣራ እያየ፣ «አሥራ ሦስት» አለ።

ታዛቢው የእስክሪብቶውን ክዳን ቀስ ብሎ ከደነ።

«እንደገና ቁጠር።»

«ሦስቴ ልቁጠር? አሥራ ሦስት ነው። የመካከለኛው ድስት ክዳን፣ ያ እጀታው ወልቆ በብሎን የጠገንሽው፣ የለም። ክዳን ጎድሎ እንዴት ነው የምፈርመው? ነገ ተመልሰሽ ክዳኔስ ብትይኝ ማን ይመልስልኛል?»

ልክ አይደለህም ልትለው አፏን ከፈተች። ልክ ነው። ራሷ ብትሆን አትፈርምም። አፏን ዘጋችው።

ከዚያ ፍለጋ ተጀመረ። ቅዳሜ ሙሉ፣ እሑድ ሙሉ፣ ሰኞም ከሥራ መልስ። አልጋ ተነሳ፤ ቁም ሣጥን ተገፋ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የጠፋ የኮት ቁልፍ ተገኘ። ጥፍር መቁረጫ ተገኘ፤ አንድ ብቻ መስሏት የኖረችው አምስት ሆነው ተገኙ። የጎረቤት ራዲዮም ተገኘ፤ ጎረቤቱ ከጠፋበት ብዙ ዓመቱ ነው፤ እንዴት እንደመጣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ክዳኑ ግን የለም። ሥራ አስኪያጁ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ጎራ እያለ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ተገኘ?» ይላል። «አልተገኘም» ይባላል። «እንግዲህ» ይልና ይሄዳል።

ማክሰኞ እትዬ ርክክብ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ባሏን አየችው። ሃያ ሰባት ዓመት መደርደሪያ ሲያይ የኖረ ዓይን ነው ያላት። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሏል። ነገሩን ስታሰላስለው፣ ከቅዳሜው ቆጠራ ወዲህ እሷ ባለችበት ከዚያ ወንበር ተነስቶ አያውቅም። ምሳው እዚያ ነው፤ እራቱ እዚያ ነው። በውጭ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ከሥሩ «ቅጭል» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሹፌሩም ወዲያው ያስላል። ቅጭል፤ እህህ። ቅጭል፤ እህህ። ሳሉ ከቀን ወደ ቀን ከመጎልበቱ የተነሳ እናቱ የራሳቸውን ሽሮፕ ሰጥተውታል።

ክዳኑ የት እንዳለ አወቀች።

«ተነስ» ብትለው ይነሳል። አንድ ቃል ናት። ክዳኑ ይወጣል፤ አሥራ አራት ይሞላል፤ ሐሙስ ትሄዳለች። ግን ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ክዳን የደበቀ ሰው ነው። እናቱ ያውቃሉ፤ አለቃዋ ያውቃል፤ ፀጉር ቤቱ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይሰማል። ሦስት ወር ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሚያልፍ የሚያገድመው ሲስቅበት ታያት። ቤቷን በሙሉ የምታስረክበው ለዚህ ሰው ነው። ክዳኑ ተሟልቶ ሰውየው ቢጎድልስ?

መጥታ መስኮቱ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስማ።»

«አቤት።»

«የምትፈራው ነገር አለ?»

«እኔ? ፍሬን የሌለው አውቶቡስ ሁለት ዓመት ነድቼ?»

«ምድጃውን ማብራት ትችላለህ?»

«ተራ ቁጥር ሁለት ሺህ ስድስት ላይ ጽፈሽዋል።»

«አንብበኸዋል?»

«ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ከዳር እስከ ዳር፣ ሁለት ጊዜ።» ወደ መንገዱ ዞረ። «እኔ የለሁበትም።»

«ምኑ ላይ?»

«ዝርዝሩ ላይ ነዋ። ድመቷ እንኳ አለች። አራት መቶ ሁለት።»

እትዬ ርክክብ አሰበች። «ተረካቢ እኮ ዝርዝር ውስጥ አይገባም» አለች።

«አውቃለሁ። ሕግ ነው» አለ። አውቶቡስ አለፈ። ቅጭል። አሳለ።

ማዕድ ቤት ስትመለስ አማቷ ተከትለዋት ገቡ።

«ልጄ፣ ያ ገልቱ ምን ሆኖ ነው ከወንበሩ የማይነሳው?»

«ወገቡን አሞት ይሆናል እማማ።»

«ዱሮም እንደዚሁ ነው። ስወልደው አልወጣም ብሎ ሁለት ቀን አስለፍቶኛል።» ድስቱን ከፍተው አሽትተው ወጡ። ድስቱን ከፍተው አልኩ? ተሳስቻለሁ፤ የመካከለኛው ድስት ነው፤ ክፍቱን ነበር።

ረቡዕ ከሥራ መልስ ሥራ አስኪያጁ መጣ። ዛሬ በሩ ላይ አልቆመም፤ ገባ። የፈቃዱን ወረቀት ኪሱ ውስጥ አጥፎ ይዞታል። ነገሩን ከእሷ አፍ «እባክዎ» የምትል ቃል እስኪሰማ ሊጎትተው፣ ከዚያ ስቆ ሊፈርምላት ነበር ያሰበው። ለወረቀት መብሻው ይበቃዋል።

«በረራው ነገ ነው» አለ። «ክዳኑስ?»

«የለም» አለች። ከቦርሳዋ አንድ ቅጽ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈች።

ሥራ አስኪያጁ ቅጹን ሲያይ ፈገግታው ከመውጣቱ በፊት ጠፋ። የጠፋ ዕቃ ማሳወቂያ ነው። በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ እትዬ ርክክብ ያላስፈረመችው ሰው የለም፤ ከራሷ በቀር። በእሱ ላይ የፈረመ ስሙ ቀይ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ሃያ ሰባት ዓመት ያንን መዝገብ በእጇ ስትጽፈው የእሷ ስም አንድም ቦታ የለበትም።

«እትዬ፣ ተይው እንጂ» አለ። «እኔ እኮ እየቀለድኩ ነው።»

«ቀልድ ከሆነ የእርስዎ ነው። ቅጹ የኔ ነው» አለችና መጻፍ ጀመረች። ሕጉ ጮክ ተብሎ ይነበብ ስለሚል እየጻፈች አነበበች። «አንድ የድስት ክዳን... መካከለኛ... እጀታው ብሎን የሆነ... በእኔ...» እዚህ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን ከመስኮቱ መለሰ። «በእኔ ቸልተኝነት ጠፍቷል።»

ሹፌሩ ይቺን ሴት ያውቃታል። ዝናብ ሲዘንብ የግምጃ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል ብላ በእግሯ ስትሄድ ያውቃታል። ትኩሳት ይዟት ተኝታ ብሎን ስትቆጥር ያውቃታል። ቸልተኝነት የሚለው ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ የሰማው «አንተ፣ ይሄ ቸልተኝነት ነው» ስትለው ነው እንጂ «በእኔ» ስትል አይደለም። ልትፈርም እጇን ስታነሳ አላስቻለውም።

«ቆይ» አለ።

ተነሳ።

ቅጭል አለ። ክዳኑ ከመቀመጫው ላይ ወድቆ በጠርዙ ቆመና ሳሎኑን ለሁለት ከፍሎ ተንከባለለ። አልቸኮለም። የጠረጴዛውን እግር ዞረ፤ ድመቷን አስነሳት፤ ዝርዝሩን ታከከ፤ ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ጫማ ሥር ሲደርስ እየተሽከረከረ፣ እየተሽከረከረ፣ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ለጥ አለ።

«ተገላገለ» አሉ አማቷ።

እትዬ ርክክብ ያልተፈረመውን ቅጽ ለሁለት ቀደደች። ከቦርሳዋ የገቢ ቅጽ አወጣች፤ የሌለ ቅጽ የለም ያ ቦርሳ ውስጥ። «የተገኘ ዕቃ፣ ክዳን፣ አንድ» አለች እየጻፈች። «የተገኘበት ቦታ?»

«ወንበሬ ላይ» አለ ሹፌሩ። ጆሮው ፍም መስሏል።

«ያገኘው ሰው?»

«እኔ።»

«እዚያ እንዴት ሊደርስ...»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ ጥያቄ ቅጹ ላይ የለም» አለ።

እትዬ ርክክብ ቅጹን አየችው። ከላይ እስከ ታች አየችው። ይሄን ቅጽ ተኝታ ብትጠየቅ በቃሏ ትለዋለች።

«የለም» አለች። «ልክ ነዎት።»

ታዛቢው ፈረመ። የፈቃዱን ወረቀትም ከኪሱ አውጥቶ ጫማው ላይ ጎንበስ ብሎ ፈረመ፤ ጠረጴዛ እያለ ለምን ጫማው ላይ እንደፈረመ ለራሱም አልገባውም። አሁን የቀረው ተረካቢው ነው። ሹፌሩ እስክሪብቶውን ያዘ፤ ግን ርክክቡን ትቶ፣ «አንድ ባዶ የወጪ ቅጽ ስጪኝ» አላት።

ሰጠችው። እንደ መሪ በሁለት እጁ ይዞ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ ሞላው። ሲጨርስ አዙሮ አስነበባት።

«ክዳን፣ አንድ። ወጪ የሆነው፦ ለሚስቴ። የሚቆይበት ጊዜ፦ ሦስት ወር። ሁኔታ፦ ተመላሽ።»

«እኔ የምረከበው አሥራ ሦስት ነው» አለ። «አሥራ አራተኛው አንቺ ጋ ነው። አንቺው ራስሽ ይዘሽው ካልመጣሽ መዝገቡ አይዘጋም።»

«ድስቱ ሦስት ወር ክፍቱን ሊሆን ነው?»

«ይሁና።»

ቅጹን ተቀበለች። ስህተት ትፈልግበት ነበር፤ ልማዷ ነው። አላገኘችም። ፈረመች፤ ባሏ ከርክክቡ ጋር ይሄንንም ፈረመ፤ ታዛቢውም ፈረመ።

ሐሙስ ጠዋት አውሮፕላን ጣቢያ ሁሉም ሄዱ፤ አማቷም ሽሮፑን ይዘው ሄዱ። አስተባባሪዋ እጇን እያወናጨፈች «እትዬ፣ ይፍጠኑ፣ ይፍጠኑ» ትላለች። መፈተሻው ላይ አንድ ጠባቂ ሻንጣዋን ከፈተና ክዳኑን አንስቶ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው እናቴ?»

«ክዳን።»

«ድስቱስ?»

«እቤት።»

ጠባቂው ክዳኑን አገላበጠ። ቁጥር አለው። እሷ ቅጹን ዘረጋችለት፤ ሦስት ፊርማ አለው። ሰውየው ሦስት ሰው ከፈረመበት ነገር መቅረት አልፈለገም መሰለኝ፣ ከኪሱ ማኅተም አውጥቶ መታበት።

ከዚያ በፊት ደጁ ላይ ሲሰነባበቱ ዝናቡ ወረደ፤ ዝናብ አይደለም የሰማይ ቧንቧ ነው የተነቀለው። ሹፌሩ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። መነጽሩን አደረገ፤ መልሶ አወለቀና ጠረገ። ዝናቡ አላቆም አለው። «ምድጃውን እንዳትረሳ፤ ክብሪቱ ነው የሚቀድመው» አለችው። «ሁለት ሺህ ስድስት» አለ ፊቱን እየጠረገ። ገባች።

ቤት ሲመለሱ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ዝርዝሩን ከእናቱ እግር ሥር ጎትቶ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። ለምን እንደገለጠ እንጃ። ትናንት ያልነበረ አንድ መስመር ታች ተጨምሯል፤ በእሷ እጅ ጽሑፍ፣ ከሕግ ውጭ፦ «ተራ ቁጥር አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት፤ ሹፌር፣ አንድ፤ ያለበት፣ መስኮቱ ሥር፤ ሲያስል ምን ሆንክ ተብሎ ይጠየቅ።»

«ምን ሆንክ?» አሉ እናቱ።

«አላሳልኩም እኮ እማዬ።»

«እኔ ጠየቅኩ፣ በቃ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያ ቀን ሴቶቹን ሰብስባ፣ ክዳኑን ከፍ አድርጋ አሳይታ፣ «ይሄ ማን ጋ እንደሆነ በወረቀት አለ። የእናንተስ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» እንዳለቻቸውና፣ ሴቶቹ ሰላሳ ሆነው ወደ ጥበቃው ወንድም ቤት በእግር እንደሄዱ ይናገራል። ሹፌሩ ፀጉር ቤት ወስዶ አነበበው። ምንም አልጨመረበትም።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ በምላሴ ስለማልኩ፣ ምላሴን ለማትረፍ አንድ ነገር ልናዘዝ። አይጧ እውነት ናት። ወንበሩ እውነት ነው። የጎረቤት ራዲዮም እውነት ነው። የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ዝናቡ ነው። ያን ቀን ሰማዩ ላይ የመዳፍ ያህል ደመና አልነበረም።